ከጨርቁ ጀርባ

ግራሶን የሰደበው አለቃው ሜትሮ ነው። ቀኑ ማክሰኞ፣ ሰዓቱ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ከሩብ፣ ቦታው የሽመና ክፍሉ መፈተሻ ጠረጴዛ አጠገብ፣ አርባ ሁለት ቁጥር የሽመና መኪና ፊት። ይኸው ሃያ ሰባት ዓመት ከአራት ወር ሆነው። በቦታው አሥራ አንድ ሸማኔዎች፣ ሁለት ጠራጊዎችና አንድ ጋሪ ገፊ ነበሩ። ጋሪ ገፊው አልሳቀም፤ ይህም አልተረሳለትም።

«ለዚህ ሰውዬ እግዜር እጅ ልስጠው ብሎ ተሳስቶ አካፋ ሰጠው!» ነበር ያለው ሜትሮ፣ ድምፁን ከመኪናዎቹ ጩኸት በላይ አድርጎ።

ከሸማኔዎቹ ስምንቱ በግልጽ ሳቁ። ሁለቱ አፋቸውን በሻርፓቸው ሸፍነው ሳቁ፤ እሱም ቢሆን ሳቅ ነው። አንዷ ብቻ፣ ገና በሙከራ ላይ የነበረችው አዲሷ ልጅ፣ ዓይኗን መሬት ላይ ተከለች። እሷን ግራሶ በዓመቱ አገባት።

ግራሶ ስድብ አይረሳም። ትምህርቱን ከስድስተኛ ክፍል ያቋረጠ ሰው ነው። የመኪና መመሪያ ሰጥተው አንብብ ቢሉት ላብ በላብ ይሆናል፤ ስድብ ግን ከነቀኑ፣ ከነሰዓቱና ከነምስክሩ በቃሉ ይወጣዋል። አራተኛ ክፍል እያለ «አንተ የምትመጣው ወንበር ልታሞቅ ነው» ያለው የሒሳብ አስተማሪ አለ። በሚስቱ እህት ሰርግ ላይ ከምሰሶ ኋላ ወስዶ ያስቀመጠው አማቹ አለ። የጡረታ ወረቀቱን ሲሰጠው ስሙን ሁለቴ ያሳሳተ ጸሐፊም አለ። የሁሉም ራስ ግን ሜትሮ ነው።

ሜትሮ የሽመና ክፍሉ አለቃ ነበር። መለኪያውን ከአንገቱ አውርዶ ስለማያውቅ ነው ስሙ የወጣለት። ግራሶ ደግሞ የመኪናዎቹ መካኒክ ነበር፤ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ እስከ ክርኑ ግራሶ ተለይቶት ስለማያውቅ እውነተኛ ስሙን የሚያውቀው የደመወዝ ክፍሉ ብቻ ነበር፤ እሱም አንዳንዴ ይጠራጠር ነበር።

ፋብሪካው ተዘግቶ ብዙ ከቆየ በኋላ የሥራና የኢንዱስትሪ ሙዚየም አደረጉት። ጣሪያው ተጠገነ፣ ግድግዳው ነጭ ተቀባ። የወለሉ የዘይት እድፍ ግን አልለቅ ስላለ ቫርኒሽ ደፉበትና ጎብኚ ሁሉ «እንዴት ያምራል!» እያለ ፎቶ ያነሳዋል። ግራሶ ያንን እድፍ ለማስለቀቅ ስንት ቅዳሜ በሽቦ ብሩሽ ሲፈገፍግ እንደዋለ፣ ስንቴም በዚያው እድፍ ምክንያት እንደተቆጡት እሱ ያውቃል።

ያን ሰሞን ከሙዚየሙ ስልክ ተደወለ። ደዋይዋ ሠዓሊ ነኝ አለች። መጋዘን ውስጥ ከቀሩ የፋብሪካው ዕቃዎች ኤግዚቢሽን እያዘጋጀች ነው። ቅዳሜ የሰፈሩ ሰውና የድሮ ሠራተኞች ሁሉ ይጠራሉ፤ ልጆች በካርቶን ላይ ሽመና ይማራሉ፤ አርባ ሁለት ቁጥር መኪናም ከስንት ዓመት በኋላ ተነስታ ትሠራለች፣ እሷን የሚያስነሳ ከተገኘ።

«ከእርስዎ በቀር የሚችል የለም አሉኝ፣ አባባ» አለችው።

ግራሶ «አባባ» የሚለውን ያዘባት። ስድሳ አራት ዓመት ምን ዕድሜ ነው? ሥራው ግን ደስ ስላለው እሺ አለ።

ሚስቱ ከእሱ በላይ ደስ አላት። የእሷም የምስክር ወረቀት ከሚሰቀሉት ውስጥ ነበር፤ በሃያ ዓመት ሥራዋ አንድ ሜትር ጨርቅ ሳታበላሽ በመውጣቷ ፋብሪካው የሸለማት። ሴቶቹ እስከ ዛሬ የሚጠሯት «እንከን አልባ» እያሉ ነው። ግራ እጇን የምትጠቀም ሴት ናት፤ ሽንኩርት ስትከትፍ የሚያያት እንግዳ ጣቷን ትቆርጣለች ብሎ ይሳቀቃል፤ ድር ላይ ግን ያቺ ግራ እጅ ተሳስታ አታውቅም ይባላል።

ሐሙስ ጠዋት ግራሶ ፒንሳውን፣ ካቻቢቴውንና የዘይት ጣሳውን ይዞ ሄደ። ወደ አርባ ሁለት ቁጥር ከመድረሱ በፊት አዳራሹ መሀል የተንጠለጠለውን ጨርቅ አየና እግሩ ቆመ።

ነጭ ጨርቅ ነው። ወርዱ የመኪናዋ ወርድ፣ ቁመቱ የሁለት ሰው። ከጣሪያው በሽቦ ተንጠልጥሏል፤ ጫፉ ከወለሉ አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ ይወዛወዛል። ከላይ ንጹሕ ነው። ከሰው ደረት ትይዩ ላይ ሲደርስ ግን አንድ ቀጭን ሰንበር ይጀምርና እስከ ታች ይወርዳል፤ ብርሃን ሲያርፍበት በመስኮት መስታወት ላይ የሚንሸራተት ውሃ ይመስላል። ከሥሩ የተለጠፈው ወረቀት «እንከን። የሠራው ያልታወቀ» ይላል።

ግራሶ ያልታወቀውን ሰው በደንብ ያውቀዋል።

ነገሩ እንዲህ ነበር። በዚያች ማክሰኞ ማለዳ ፈረቃው ሲገባ አርባ ሁለት ቁጥር ላይ የተጠቀለለው ጨርቅ ላይ ሰንበሩን አየ። የሌሊቷ ሸማኔ በዚያ ደካማ መብራት ሳታየው አርባ ሜትር ሠርታበታለች። ጥቅሉን ፈትቶ ሲፈልግ መነሻውን አገኘው፤ ሃያ አራት ክሮች ተበጥሰው ተቀጥለዋል፤ ክሮቹን የቀጠለችው እያንዳንዱን በየራሱ የሽቦ ዓይን ውስጥ ስታሳልፍ አንዱን ዓይን ዘላዋለች፤ ከዚያ ወዲያ ያሉት ሁሉ በየጎረቤታቸው ቀዳዳ ገብተዋል። ከጨርቁ ጀርባ ሃያ አራት ቋጠሮዎች እንደ ጥርስ ተደርድረዋል፤ የሁሉም ጅራት ወደ ግራ ነው። በዚያ ክፍል ውስጥ በግራ እጅ የሚቋጥር አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ትናንት ማታ ሠርታ ዛሬ ጠዋትም ተመልሳ የገባችው አዲሷ ልጅ። በሙከራ ላይ ያለ ሠራተኛ ድር መንካት ክልክል ነው። ቢታወቅባት በዚያው ቀን ከበሩ ውጭ ናት፤ ከኋላዋ ደግሞ እጇን የሚያዩ ሦስት ታናናሽ እህቶች አሉ።

ሰው ሳያይ ላስተካክለው ብሎ እጁን ድሩ ውስጥ ከተተ። ሜትሮ ከኋላው የመጣው በዚያች ደቂቃ ነው። ምን ይባላል? እጁ ድሩ ውስጥ፣ ጥፋቱ ፊቱ። አካፋው ወረደበት፣ ምክትል የጥገና አለቃ ሊሆን የነበረውም በዚያው ቀረ።

ከሁሉ የሚብሰው ደግሞ ሌላ ነው። በተጋቡ በዓመቱ ሚስቱ እጆቿን ወገቧ ላይ አድርጋ፣ «አንድ ነገር ልንገርህ፣ ለማንም እንዳትናገር» አለችው። «ያን ጊዜ በሙከራ ላይ ሆኜ፣ ማንም ሳያስተምረኝ፣ በዓይኔ ብቻ የተማርኩትን ሃያ አራት ክር ቀጠልኩልህ። አንድም አልተሳሳትኩ! አንተ በማግስቱ ገብተህ አተረማመስከው እንጂ። የዚያን ቀን ነው ራሴን ሸማኔ ነኝ ያልኩት።» ዓይኗ ሲያበራ አየ። «ጎበዝ» አላት። ከዚያ ወዲያ እንዴት ብሎ ይንገራት? ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ሳህን በወደቀ፣ አምፖል በተሰበረ ቁጥር «ይኼ አካፋ እጅህ!» ስትለው ኖረች። ከእሷ ሲመጣ ስድብ አይመስለውም፤ ቢሆንም ይቆጥረዋል።

ሐሙስ ዕለት ግራሶ ከጨርቁ ጀርባ ዞረ። ቋጠሮዎቹ አሉ። ሃያ አራቱም።

ሠዓሊዋ ፀጉሯ ውስጥ እርሳስ ሰክታ ወደሱ መጣች። «ወደዱት፣ አባባ?»

«ወደ ግድግዳው ይጠጋ» አላት።

«ምኑ?»

«ጨርቁ። ይለጠፍ። እንዲህ መሀል ቤት እንደ እጥበት ልብስ ይሰቀላል እንዴ?»

ሳቀች። «እኔ እኮ ሆን ብዬ ነው። ፊቱ ብቻ ሳይሆን ጀርባውም እንዲታይ። እነዚያን ቋጠሮዎች አዩአቸው? የሰው እጅ ያለበት እዚያ ነው።»

«አይታዩም እነሱ። ምናቸው ይታያል? ቆሻሻ ናቸው። ፀሐይም ያጠቃዋል፤ ነጭ ጨርቅ ፀሐይ አይወድም።»

«መስኮቶቹ እኮ ወደ ሰሜን ናቸው።»

ግራሶ አሰበ። «ልጆች ይመጣሉ አላልሽም? ቋጠሮ ያየ ልጅ ሳይጎትት አይመለስም። ሃያ አራቱ ተፈቱ ማለት ይኼ ሁሉ ተረተረ ማለት ነው።» ውሸት ነው፤ ቢጎትቱትም አይተረተርም።

«እሱስ እውነትዎን ነው» አለችና ከጀርባው በኩል ገመድ አስወጠረች፤ ሰው ሁለት እርምጃ ርቆ እንዲቆም። ከሁለት እርምጃ ላይ ቋጠሮ መኖሩ እንጂ የጅራቱ አቅጣጫ አይለይም። ግራሶ ትንሽ ቀለል አለው። መኪናዋን ፈታ፣ አጠበ፣ ግራሶ ቀባ፣ የመወርወሪያዋን መንገድ በአሮጌ ጨርቅ ወለወለ። መኪናዋ ቢያንስ አባባ አላለችውም።

ቅዳሜ አዳራሹ ጢም አለ። የድሮ ሸማኔዎች የክት ልብሳቸውን ለብሰው፣ እርስ በርስ እየተሳሳሙና «አንቺ አልሞትሽም እንዴ!» እየተባባሉ ገቡ። በጩኸት ውስጥ ሲያወሩ የኖሩ ሴቶች ስለሆኑ በጸጥታም ሲያወሩ ይጮሃሉ። ልጆች በአንድ ጥግ ካርቶን ላይ ክር እየጠመጠሙ፣ ክሩን እርስ በርስ አንገታቸው ላይም እየጠመጠሙ ተያይዘዋል። ሚስቱ የምስክር ወረቀቷ ሥር ቆማ እንደ ሙሽራ ሰላምታ ትቀበላለች። ሰማያዊ ቀሚሷን ለብሳለች። ግራሶ ከሩቅ አያትና ኮራ፤ ወዲያው ደግሞ እሱን ያልሸለሙትን ሰዎች በየተራ አስታወሰ።

እሱ ከጨርቁ ጀርባ ባለው መግቢያ ላይ እንደ ዘበኛ ቆሟል።

«በዚህ አይታለፍም፣ ቀለም አልደረቀም» አላቸው ለሁለት ወጣቶች።

«የምን ቀለም? ጨርቅ አይደል እንዴ?»

«የጨርቅ ቀለም ነዋ!»

ትንሽ ቆይቶ ሚስቱ ሦስት ጓደኞቿን ከኋላዋ አስከትላ መጣች። ጨርቁን ወደ ላይ ወደ ታች አየችና እጇን በእጇ መታች። «ውይ! ይኼ ያንተ ጉድ አይደለም እንዴ? ኑ እዩልኝ፣ ባለቤቴ ሠዓሊ ሆኖላችኋል!»

«ቀስ በይ እንጂ አንቺ ሴት፣ ሰው ይሰማል።»

«ይስማ! ‹ያልታወቀ› ይላል እኮ፤ እኔ አውቀዋለሁ፣ ማታ ማታ ያንኮራፋል!» ሴቶቹ በሳቅ ተንፈራፈሩ። አንዷ ወደ ኋላው ልትዞር ስትል ግራሶ መንገዷ ላይ ገባ። ሚስቱ ግን ክንዷን ይዛ መለሰቻት። «ተይው እቱ፣ የባሌን ጥፋት ከፊት ያየሁት ይበቃኛል፤ ደግሞ ከኋላ ልየው?» እያሳሳቀች ወሰደቻቸው።

ተንፈስ ከማለቱ ሜትሮ ከበሩ ገባ።

ሸምግሏል። ዱላ ይዟል፤ መነጽሩ የጠርሙስ ቂጥ ያህላል፤ ከአንገቱ ሜትሮው የለም፤ ያለ እሱ ልብሱን ያልጨረሰ ሰው ይመስላል። ግራሶ ለዚህች ቀን ብዙ ቃል አዘጋጅቶ ነበር። በሐሳቡ ሁልጊዜ «አንተ» ነው የሚለው።

«ግራሶ! የኔ ወንድም! አለህ እንዴ?» ሜትሮ ዱላውን ክንዱ ላይ አንጠልጥሎ አቀፈው። በሁለቱም ጉንጩ ሳመው።

«ደኅና ነዎት?» አለ ግራሶ። አንተ የሚለው ከጉሮሮው አልወጣ አለ፤ በዚህም ተናደደ።

«ምን ደኅንነት አለ? ጉልበቴ ሄደ፣ ዓይኔ ሄደ፣ ይኼ ጣቴ ብቻ ቀረ» አለና ሜትሮ አውራ ጣቱን አሳየው። ድሮም ጨርቅ የሚፈትሸው በዓይኑ አልነበረም፤ በአውራ ጣቱ ዳብሶ ነበር። ጨለማ ውስጥ የተሳሳተ ክር ያገኝ ነበር። ግራሶ ይህን አሁን ነው ያስታወሰው። ሜትሮ ጨርቁን ቀና ብሎ አየ። «ይኼን ነገር የት ነበር የማውቀው...?»

«ሻይ አለ በዚያ በኩል። ይሂዱ፣ ይቀመጡ፣ አይቁሙ በዚህ ጉልበትዎ።»

በዚሁ መሀል ሠዓሊዋ እያጨበጨበች መጣች። «አባባ! መኪናዋን እናስነሳ፣ ሁሉም እየጠበቀ ነው!»

እምቢ እንዳይል፣ ከእሱ በቀር የሚያስነሳት የለም። ሄደ። ቀበቶውን ፈተሸ፣ ፍሬኑን ለቀቀ፣ ማስነሻውን ጎተተ። አርባ ሁለት ቁጥር አንዴ አስነጠሰች፤ ከዚያ ያ ድሮ የሚያውቀው ጩኸት አዳራሹን ሞላው። ሴቶቹ እልል ማለት ቀራቸው። ሚስቱ ማንም ሳይጋብዛት የቀሚሷን እጅጌ ሰብስባ መኪናዋ ፊት ቆመች። ያቺ ግራ እጅ ማጉን ቀየረች፣ የላላውን ክር ጠበቅ አደረገች፣ መወርወሪያዋ እንደ ዓሣ ወዲያና ወዲህ በረረች። ፊቷ የሃያ ዓመት ልጅ ፊት ሆነ። ግራሶ ፈዞ አያት።

ዞር ሲል ከጨርቁ ጫፍ በታች ሁለት አሮጌ ጫማዎችና አንድ ዱላ ታዩት።

ሲደርስ ሜትሮ ገመዱን አልፎ ከጨርቁ ጋር ተጣብቋል። መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣ አውራ ጣቱን በቋጠሮዎቹ ላይ አንድ በአንድ እያስኬደ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል። መኪናዋ ስለምትጮህ ምንም አይሰማም። ከዚያ ቆመች፤ ሰው አጨበጨበ።

«ሃያ አራት» አለ ሜትሮ፣ ሳይዞር። «ጅራቱ ወደ ግራ ነው።»

ግራሶ ሚስቱ የት እንዳለች ለማየት አንገቱን አሰገገ።

«እኔ ሦስት መቶ ሴት በእጄ አስተምሬአለሁ። በግራ የምትቋጥር አንድ ናት ያጋጠመችኝ።» አሁን ዞረ። ዓይኑ ያለ መነጽር ትንሽና ውሃ ያቀረረ ነው። «ጥፋቱ ደግሞ የሚነሳው ከዚህ ከቋጠሮው ነው። አንተ ያን ቀን ልታበላሽ አልነበረም እጅህን ያስገባኸው። ነው?»

ከጨርቁ ወዲያ ማዶ የሚስቱ ድምፅ መጣ። ትንፋሿ ገና አልተመለሰም፤ ሠዓሊዋ የጠየቀቻትን ትመልሳለች። «እንዴት ተጋባችሁ ነው ያልሽኝ? በዚሁ ጨርቅ ነዋ! ይኼን አበላሽቶ አለቃው በሰው ፊት ሲያዋርደው አንዲት ቃል አልመለሰም። አንገቱን ደፍቶ ቆመ። አንጀቴን በላው። ይኼ ሰው ክፉ አይወጣውም አልኩ። እጁ አካፋ ይሁን እንጂ!» ጥላዋ በነጩ ጨርቅ ላይ ይወዛወዛል፤ ግራ እጇን ታወናጭፋለች።

ሜትሮም ሰማ። ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ስማ። እኔ አንዴ ሳላረጋግጥ ተናግሬአለሁ መሰለኝ። ሁለተኛ አልደግመውም፤ ካንተ አፍ ካልሰማሁ ቃል አይወጣኝም። ግን አይደለሁም በለኝ። አይደለሁም ካልከኝ አሁን በዚህች ደቂቃ ወጥቼ፣ በሁሉም ፊት፣ እንዳዋረድኩህ በሰው ፊት ይቅርታ እጠይቅሃለሁ። እሷም ብትሰማ ምን ትሆናለች? ሁላችንም ጡረታ ወጥተናል። ልጨርሰው ይኼን ነገር። አንተ ነህ ወይስ አይደለህም?»

ግራሶ አፉን ከፈተ። ይህን ንግግር ጢሙን ሲላጭ፣ መኪና ሥር ተኝቶ፣ አውቶቡስ ሲጠብቅ ሃያ ሰባት ዓመት ተለማምዶታል። አጭሩ አለ፣ ረጅሙ አለ፣ መጨረሻው ላይ ሜትሮ የሚያለቅስበትም አለ። ሁሉም የሚጀምሩት በአንድ ቃል ነው፤ ቃሉም ምላሱ ጫፍ ላይ ነበር። ለመናገር የሚያስፈልገው ትንፋሽ ብቻ ነው።

ጥላዋ ከጨርቁ ላይ ሳቀች፤ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። «እኔ ደግሞ ከዚያ ወዲህ አንድ ሜትር አላበላሸሁም!» አለች ለሠዓሊዋ።

ግራሶ አፉን ዘጋ። ሜትሮ በዚያ በትንሽ ዓይኑ ትክ ብሎ ያየዋል፤ መልስ የሚጠብቅ ሰው ፊት እንዲህ እንደሆነ ግራሶ አያውቅም ነበር፤ ራሱን አይቶት አያውቅማ። እስቲ መልስ የሌላትን ጥያቄ ይቅመሳት አለ በልቡ። እሱም ጢሙን ሲላጭ ይብሰልሰልባት፣ በየአውቶቡስ ማቆሚያው ያውጣት ያውርዳት። ለጥቂት ጊዜ ይህ ሐሳብ እንደ ትኩስ ሻይ ደረቱ ውስጥ ወረደ።

«በል እንጂ ተናገር!» አለ ሜትሮ። «አንተን እኮ ነው!»

ዱላው ሁለት ጊዜ ወለሉን መታ። ግራሶ ጀርባውን ሰጥቶት፣ በገመዱ ሥር ጎንበስ ብሎ አልፎ፣ ሴቶቹን እየገፈታተረ፣ ከጎኗ ሊቆም ወደ ሚስቱ ሄደ።